በርቶ ይደር ወይስ ይጥፋ? ስለ ቤት ኮምፒዩተር አዳር የቀረበ ሐተታ

ሊቃውንት ብዙ ነገር መርምረዋል። የከዋክብትን ርቀት ለክተዋል፣ ባሕረ ሐሳብን ቀምረዋል፣ የአባይን መነሻ አስሰዋል። ቤተሰቡ ሊተኛ ሲል ሳሎን ጥግ ላይ ያለው ኮምፒዩተር በርቶ ይደር ወይስ ይጥፋ ለሚለው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ወንበር የዘረጋለት መምህር የለም። ጉዳዩ ተራ የሚመስለው ኮምፒዩተር ለሌለው ሰው ነው። ያለው ሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ቤቱ ምን እንደሚመስል ያውቃል። አባት መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመው "ያንን ነገር አጥፋው" ይላሉ። ልጅ ከወንበሩ ሳይነሣ "ዳውንሎድ እያደረገ ነው እኮ፣ አባዬ" ይላል። እናት የውጭ በሩ መቆለፉን ሊያዩ ይሄዳሉ። አያት ያማትባሉ። በየምሽቱ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል።

ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የተነሣ ነው። ቦታው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ሲሆን፣ ናሙናው አንድ ቤት ነው። ናሙናው አነሰ የሚል ተቺ ካለ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ስንት ዓይነት አቋም እንዳለ መጥቶ ይስማ። የጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው እንደተለዩ ሁሉ፣ እኛም በርቶ ይደር ባዮችን ላይ ቤት፣ ይጥፋ ባዮችን ታች ቤት ብለናል። ስያሜው ከፎቅ ጋር ግንኙነት የለውም። ከታች ያሉት ጎረቤት ኮምፒዩተር የላቸውም፤ ስለ እኛው ኮምፒዩተር ግን አቋም አላቸው።

ታች ቤት እንዲህ ብሎ ይተረጉማል። ይጥፋ አለ፤ ምነው ቢሉ፣ አንድም ቆጣሪው ይቆጥራልና፤ አንድም ይግላልና፤ አንድም መብረቅ ሲመጣ በርቶ ያገኘዋልና፤ አንድም ማሽንም ቢሆን ማረፍ አለበትና። የመጨረሻው አንድምታ የአያት ነው። ምንጩ አልተጠቀሰም፤ ደፍሮ የተከራከረውም የለም።

ከቆጣሪው እንጀምር። የተለመደ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከነስክሪኑ፣ ምንም ሥራ ሳይሰጠው ቁጭ ብሎ፣ 70 ዋት ገደማ ይስባል። ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ቢቆይ በወር ወደ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋል። የቤት ታሪፋችን ደግሞ ብዙ የተጠቀመ ሰው ለአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የበለጠ የሚከፍልበት ነውና፣ የአባት ስጋት መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ችግሩ ያለው እዚያው ቤት ኩሽና ውስጥ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በአንድ ሰዓት ጋገራ የሚሄደው ኃይል ያንን ኮምፒዩተር 50 ሰዓት ያቆየዋል፤ ሁለት ቀን ከሁለት ሰዓት መሆኑ ነው። ሆኖም ጥናቱ በተካሄደበት ጊዜ ሁሉ በምጣዱ ላይ የቀረበ አንዳችም ተቃውሞ አልተመዘገበም። አጥኚው ለዚህ ያቀረበው መላምት ምጣዱ እንጀራ ያወጣል የሚል ነው። ኮምፒዩተሩ ያወጣው ነገር እስካሁን ለቤተሰቡ አልቀረበም።

ልጅ በዚህ ነጥብ ላይ ብሔራዊ ማስረጃ ይዞ መጥቷል። በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ለ70 ዋት ሲካፈል ከ73 ሚሊዮን በላይ ኮምፒዩተር ሌሊቱን ሙሉ ያበራል፤ ታዲያ ከዚህ ሁሉ ለእኔ አንዱ አይደርሰኝም ወይ የሚል ነው ክርክሩ። ስሌቱ ትክክል ነው። አባትም ስሌቱን አልተቃወሙም። "ግድቡ የሁላችንም ነው፤ ቆጣሪው ግን የኔ ነው" ብለዋል፤ ይህ መልስ በሕግም ሆነ በሒሳብ ሊፈርስ አልቻለም።

አባት በአንድ ነገር ከአውሮፓ ኅብረት ይቀድማሉ። የጠፋ መሣሪያም ሶኬቱ ውስጥ እስካለ ድረስ በጥቂቱ መሳቡን አይተውም። ኅብረቱ ይህን ተረድቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ጠፍቶ የተቀመጠ የቤትና የቢሮ መሣሪያ ከግማሽ ዋት በላይ እንዳይስብ ደንግጓል። ብራስልስ እዚህ ለመድረስ ብዙ ኮሚቴ ሰብስቦ ይሆናል። አባት ያለ ኮሚቴ፣ በነጠላ ጫማ ሄደው ሶኬቱን ከግድግዳ ይነቅላሉ። የሚስበው ዜሮ ነው።

ስለ ሙቀቱ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ማሽኑ እንደሚግል ከሁሉም አስቀድመው ያወቁት እናት ናቸው፤ አቧራ እንዳይገባበት ብለውም በዳንቴል ሸፍነውታል። ዳንቴሉ የፋኑን መተንፈሻ እንደሚዘጋ ልጅ በተደጋጋሚ አስረድቷል። ዳንቴሉን የሠሩት አያት ስለሆኑ ጉዳዩ ወደ ሌላ ጉባኤ ተላልፏል።

የመብረቁ ስጋት እውነት ነው። ክረምት ላይ ነጎድጓዱ ሲበረታ በመስመሩ የሚመጣው ኃይል የበራና የጠፋ አይመርጥም፤ ቁልፉን መጫን ዋጋ የለውም፣ የሚያድነው መንቀል ነው። ስለዚህ ታች ቤት እዚህ ላይ የረታው ባነሣው ክርክር ሳይሆን ከነጠላ ጫማው ጋር ባለው ልማድ ነው።

ላይ ቤትስ ምን ይላል? በርቶ ይደር ይላል፤ ምነው ቢሉ፣ ማሽን የሚሞተው ሲጠፋና ሲበራ ነው። ይህ ትምህርት ጥንታዊ ነው። በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከቆመበት ሲነሣ በመሽከርከር ላይ ሳለ ከሚፈልገው ይልቅ ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ ብረቱም ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲበርድ ይኮማተራል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሃርድ ዲስክ ሠሪዎች በብዛት 50,000 ጊዜ ተነሥቶ ቢቆም ይችላል ብለው ይጽፉ ነበር። በቀን አንድ ጊዜ የሚያጠፋ ቤተሰብ ይህን ቁጥር ለመጨረስ 137 ዓመት ይፈጅበታል። ይህ ማለት በምኒልክ ዘመን የተገዛ ዲስክ ዛሬ አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር ማለት ነው፤ ላይ ቤትም ልጆቻችን ሊጠነቀቁ ይገባል ባይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ሦስት የጉግል ተመራማሪዎች ከመቶ ሺህ በላይ ሃርድ ዲስኮችን ተከታትለው ውጤቱን አሳትመዋል። ሙቀትም ሆነ የሥራ ብዛት ዲስክ ከመሞቱ ጋር ያለው ግንኙነት ከዚያ በፊት ይታሰብ ከነበረው እጅግ ያነሰ ሆኖ አገኙት። ጥናቱ ለሁለቱም ወገን የሚያስደስት ነገር ስላልያዘ ሁለቱም አልጠቀሱትም። ዛሬ ደግሞ ብዙው ማሽን የሚሽከረከር ነገር የሌለው ኤስኤስዲ አለው። ክርክሩ ግን ይሽከረከራል።

የላይ ቤት ዋና ምስክር አሜሪካ ነው ያለው። በካሊፎርኒያ፣ ሊቨርሞር ከተማ፣ የእሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ የምትበራ አምፖል አለች። እዩ፣ ስላልጠፋች አልሞተችም ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን አንድ ቀን ጨለመች። ሰዉ ተቃጠለች ብሎ ሊያለቅስላት ሲሰናዳ፣ ባለሙያ መጥቶ ሲያይ አምፖሏ ምንም አልሆነችም፤ የሞተው እሷን ከመቋረጥ ሊጠብቅ የተቀመጠው ዩፒኤስ ነበር። ይህን ዜና አዲስ አበባ ውስጥ ለሰው ብትነግሩት የሚገርመው አይገኝም። ባትሪው ከሞተ ዓመታት ያለፈው፣ ግን ስለሚከብድና ስለተገዛ ብቻ እንደ ዲቫይደር የሚያገለግል ዩፒኤስ በብዙ ቤት ጠረጴዛ ሥር አለ። መብራት በሄደ ጊዜ አንድ ጊዜ ጮኾ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ ይጠፋል። ለቅሶ ደርሶ መሄዱ ነው።

እዚህ ላይ ነው ጥናቱ ወደ ዋና ግኝቱ የገባው። ላይ ቤት ‹በርቶ ይኑር› የሚለው በርቶ ሊኖር የሚችል ነገር እንዳለ ቆጥሮ ነው። በዊንዶውስ 95 እና 98 ውስጥ ጊዜን በሺኛ ሰከንድ የሚቆጥር ክፍል ነበር፤ ቁጥሩ 49.7 ቀን ላይ ሞልቶ ወደ ዜሮ ሲመለስ ማሽኑ ይደርቃል። የሁዳዴ የመጀመሪያ ሰኞ ጠዋት የተከፈተ ዊንዶውስ 95፣ ጾሙ 55 ቀን ነውና፣ በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ማታ ላይ ይቆማል፤ ትንሣኤን አያይም። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ 95 ከወጣ በአራተኛው ዓመት። ያን ያህል የዘገየው የዚያ ዘመን ማሽን በሌላ ምክንያት ሳይወድቅ 49 ቀን ስለማይደርስ ነው ብለው ፈረንጆቹ ራሳቸው ይቀልዳሉ። እኛ ዘንድ ቀልዱ አያስፈልግም። ከሁዳዴ እስከ ሕማማት ያልሄደ መብራት ሲገኝ ያን ጊዜ እንመረምረዋለን። እስከዚያ ድረስ የላይ ቤት ኮምፒዩተር በፍልስፍና በርቷል፤ በሶኬት ግን መብራት እስኪሄድ ነው። መብራት ሲመጣ ደግሞ በኃይል ስለሚመጣ፣ ላይ ቤት ራሱ እየሮጠ ሄዶ ይነቅለዋል። ይህን ማጥፋት አይለውም። ጥንቃቄ ይለዋል።

ታች ቤት በዚህ እንዳይኮራ የእርሱም ጉድ አለ። ድሮ ማጥፋት ማጥፋት ነበር። ዊንዶውስ 95 ሥራውን ሲጨርስ በጥቁር ስክሪን ላይ በብርቱካናማ ፊደል አሁን ማጥፋት ይችላሉ ብሎ ይጽፍና፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ቁልፉን እስኪጫን ይጠብቅ ነበር። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1995 ኢንቴል ባወጣው ኤቲኤክስ በተባለው ስሪት ማሽኑ ራሱን በራሱ ማጥፋት ቻለ፤ የሰው ድርሻ ፈቃድ መስጠት ብቻ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 ይባስ ብሎ ‹ፋስት ስታርታፕ› የሚባል ነገር አመጣ። ሻት ዳውን ሲባል የተከፈቱትን ፕሮግራሞች ይዘጋል፤ የራሱን የውስጥ ሁኔታ ግን ዲስክ ላይ ጽፎ ይተኛል፣ ጠዋት ከዚያው ይቀጥላል። ቅንብሩ ካልተነካ በቀር ማሽኑ እንደ አዲስ የሚነሣው ሪስታርት ሲባል ነው። ስለዚህ ለማደስ ብሎ የሚያጠፋ ሰው አላደሰም፤ ያደሰው ሪስታርት ብሎ በርቶ የተወው ነው።

ልጅ ይህን ባወቀ ማግስት አባቱን ጠርቶ ታስክ ማናጀርን ከፈተላቸው። ማሽኑ ሳይጠፋ የቆየበትን ጊዜ የሚያሳየው መስመር ብዙ ቀናት ይቆጥር ነበር። አባት መነጽራቸውን አደረጉ። "ትናንት ማታ ነቅዬዋለሁ" አሉ። ልጅ "ነቅለውትም ቆጥሮታል፣ አባዬ" አለ። አባት ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን አዩት። በቤቱ ታሪክ እሳቸው ያጠፉት ነገር አልጠፋሁም ብሎ በጽሑፍ ሲመልስላቸው የመጀመሪያው ነው። ከዚያ "ይሄ መንግሥትም ቢሆን እንዲህ አይዋሽም" ብለው ሶኬቱን ነቀሉት፤ ማሽኑ በርቶ ሳለ።

እንደ ማንኛውም ሥር የሰደደ ክርክር ይህም ሦስተኛ ወገን አፍርቷል። ‹ስሊፕ› ባዮች ይባላሉ። አይጥፋም አይብራም፣ ይተኛ ይላሉ፤ ከ1 እስከ 3 ዋት ቢስብ ነው። በሒሳብ ከሁሉም የተሻሉት እነሱ ናቸው፣ አጥኚውም ይህን በግልጽ ይመሰክራል። ችግሩ የተኛ ዊንዶውስ ጥገና ካለበት ራሱን መቀስቀስ መቻሉ ነው። ካልተለወጠ በቀር የአውቶማቲክ ጥገና ቀጠሮው ሌሊት 8 ሰዓት ነው፤ ካህናቱ ለማኅሌት ቆመው ባሉበት ሰዓት። አያት ውኃ ሊጠጡ ሲነሡ ሳሎኑን በሰማያዊ ብርሃን ተሞልቶ፣ ወንበሩንም ባዶ አገኙት። ከዚያ ሌሊት በኋላ የሦስተኛው ወገን ተከታዮች ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል። ስለ ሃይማኖት ክርክር ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው ነበር፤ በዚህ ጉዳይ ጉባኤ ልጥራ ያለ እስካሁን አልተሰማም።

አጥኚው መረጃ ሲያጠናቅር ግን አንድ ያልተብራራ ነገር ገጠመው። ከሦስቱም ወገን አንዱም ሳይነካው፣ መብራትም ሳይሄድ፣ ኮምፒዩተሩ በየእሑድ ማታ አንድ ሰዓት ገደማ በድንገት ይጠፋል። ልጅ ቫይረስ ነው አለ። አባት ቆጣሪውን ተጠራጠሩ። አያት ዕረፍቱን ራሱ ወስዶ ነው አሉ፤ እሑድ ነውና። ክትትል ሲደረግ ዲቫይደሩ ላይ ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የዲሹ ሪሲቨር፣ ዋይፋዩና ኮምፒዩተሩ እንደተሰኩ፣ ትርፍ ቀዳዳም እንደሌለ ታወቀ። እሑድ ማታ ደግሞ ታናሽ እህት ለሰኞ ዩኒፎርሟን ትተኩሳለች። ፍሪጁን እንዳትነካ እናት አስጠንቅቀዋታል፤ ቴሌቪዥኑን አባት እያዩት ነው፤ ዋይፋዩን ከነቀለች ወንድሟ ይጮኻል።

ስለ በርቶ ይደርና ይጥፋ ያላትን አቋም ተጠይቃ፣ "የቱ የምን እንደሆነ አላውቅም፤ ካውያው ብቻ ይሙቅልኝ" ብላለች። ለቀጣዩ ጥናት ዋና ተጠያቂ እንድትሆን ታጭታለች። ፈቃዷን ለማግኘት የተደረገው ጥረት ልብሷን ተኩሳ እስክትጨርስ ድረስ ተላልፏል።