መስመሩ ተቋረጠብን

የስልክ ኔትወርካችንን የሚያማ ሰው የሬዲዮ ውይይት አዳምጦ አያውቅም። እንደ እኔ ሬዲዮ ከፍቶ የሚውል ግን ምስክር ነው፤ እንዲህ ያለ አስተዋይ ኔትወርክ የትም የለም። ደዋዩ ስለ ሽንኩርት አቀማመጥ ሲያስረዳ ጥርት ብሎ ይሰማል። የሚወደውን ቡድን አሰልጣኝ ሩብ ሰዓት ቢራገም አንዲት ቃል አትጠፋም። «ይህንን ያደረገው ባለሥልጣን ግን…» ያለ እንደሆነ ጧ! «አድማጫችን መስመሩ ተቋረጠብን፤ ሙዚቃ ጋብዘናችሁ እንመለሳለን።» ሙዚቃው ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ የቆየ ነው። ሁልጊዜም የፍቅር ነው።

ሕገ መንግሥታችን ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ሳንሱርን ከልክሏል። ስለዚህ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ስቱዲዮ በር ላይ የሚቀመጥ ሰው የለንም፤ ደመወዙም ተረፈ። በምትኩ ፈቃድ አለ። ፈቃድ ይሰጣል፣ ይታደሳል፣ ይታገዳል፣ ይሰረዛል። አዘጋጁ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን እያሰበ ማይክሮፎኑ ፊት ይቀመጥና የዚያን ሰውዬ ሥራ በነፃ ይሠራል።

ድሮ እኮ ነገሩ አድካሚ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ዝግጅት ሲታፈን የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ መለስ ዜናዊ ራሳቸው ወጥተው ጣቢያውን የዘር ጭፍጨፋ ከቀሰቀሰው የሩዋንዳ ሬዲዮ ሚል ኮሊን ጋር እያመሳሰሉ ማስረዳት ነበረባቸው። በ2009ኙ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹን ኢሳትንና ኦኤምኤንን መመልከት ሳይቀር ተከለከለ፤ ሶፋው ላይ የተቀመጠውም ጥፋተኛ ሆነ። ያ ሁሉ ማፈኛ መሣሪያና ኮማንድ ፖስት ይፈልጋል። የዛሬው የሚፈልገው አንድ ጣት ነው።

ትልቁ ትሩፋት ግን ለባህላችን ነው። ደዋዮች ከሰላምታ በቀር ሌላው ሁሉ እንደሚያስቆርጥ ስለገባቸው ሰላምታቸውን አረዘሙ። «ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ቴክኒሻኑስ? የጥበቃው አባት ጉልበታቸው ተሻላቸው?» በዚህ አያያዝ የሁለት ሰዓቱ ውይይት በአንድ ደዋይ ሰላምታ ይጠናቀቅና ርእሱ ለሳምንት ይተላለፋል። ስፖንሰርም አይጠፋም፤ ዩኒቨርሲቲውም መመረቂያ ጽሑፍ ያሠራበታል። ችግሩ፣ ሰላምታችን ራሱ ጥያቄ የበዛበት መሆኑ ነው። «አገሩ ሰላም ነው?» የሚል ደዋይ ምን ፈልጎ ነው? አዘጋጁ «ሰላም ነው» ቢል ሳያጣራ መረጃ አሰራጨ፤ «አይደለም» ቢል የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የሰላምታ መመሪያ ይውጣ። «ከብቱስ?» ድርቅን ስለሚያስታውስ ይቀራል። «ልጆቹስ?» የ12ኛ ክፍል ውጤትን ያስነሳል። «ቤቱ ደህና ነው?» የኮሪደር ልማት ባለበት ከተማ ግልጽ ቅስቀሳ ነው። «ገበያው እንዴት ነው?» የሚለውንማ አዘጋጁ ገና «ገበ…» ላይ ይድረስበት። «ሃሎ» ለጊዜው ይፈቀዳል፤ ድምፅ ከፍ ሳይል፣ አንዴ ብቻ። «ሃሎ! ሃሎ!» ብሎ የደገመ ሰው የሚሰማኝ አጣሁ እያለ ነውና አቤቱታ ይመስልበታል።

መቼም ይህን ያህል አመስግኜ አላውቅም። እውነቱን ልናገር፤ አንጀቴ አሯል። ወንድሜ አዘጋጅ፣ መስመሩ አልተቋረጠም። አንተ ነህ የቆረጥኸው። ሰውየው ካርድ ሞልቶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ስሙንና ሰፈሩን ሳይደብቅ ተናገረ። ስቱዲዮ ውስጥ ከተቀመጥኸው ይልቅ እሱ ይበልጥ ተጋልጧል። ፈርተህ ከሆነ «ፈራሁ፣ ይህን ማስተላለፍ አልችልም» በል፤ የልጆች አባት ነህ፣ ማንም አይፈርድብህም። ፍርሃትህን በኔትወርክ አታሳብ!

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አልጠፋኝም። በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሠረት የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንን ዋና ዳይሬክተር የሚሾመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነበር፤ የፓርቲ አባልም የባለሥልጣኑ ቦርድ ውስጥ አይገባም ነበር። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የአዋጁ ማሻሻያ ጸደቀና ሹመቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ተሰጠ፤ ፈቃድ የመሰረዝ ሥልጣን ከቦርዱ ወደ ባለሥልጣኑ ዞረ፤ በፓርቲ አባላት ላይ የነበረውም ክልከላ ተነሳ። ፈቃዱን ለተነጠቀ ባለ ጣቢያ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሰጪውም ነሺውም አንድ መሥሪያ ቤት ስለሆነ፣ አቤቱታውን ያስገባበት መስኮት ላይ ቆሞ መልሱን ይቀበላል፤ ለታክሲ የሚያወጣው ቀረለት።