ሐተታ ማመልከቻ ዘሀገረ ሆሳዕና

የጽርዕ ሊቃውንት ሰውን በቃል ስለ ማሳመን ጥበብ ብዙ ደክመው ብዙ እንደ ጻፉ፣ ከእነርሱም መካከል አባቶቻችን አርስጣጣሊስ እያሉ የሚጠሩት ፈላስፋ ተናጋሪ አድማጩን የሚረታባቸውን መንገዶች ሦስት አድርጎ ሲከፍል አንደኛውን ለነገሩ ማስረጃ፣ ሁለተኛውን ለአድማጩ ስሜት፣ ሦስተኛውንና ከሁሉ ሳይጠነክር አይቀርም ያለውን ለተናጋሪው ጠባይ እንደ ሰጠ፣ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ባያነበውም አላውቅም የሚል ግን አይገኝም። ይሁን እንጂ ይህን ያህል የተመራመሩት ሊቃውንት፣ በሆሳዕና ከተማ በመሥሪያ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ፣ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ፣ ጉልበቱ ላይ ባሳረፈው ካርቶን ላይ ማመልከቻ ስለሚጽፈው ሰው አንዲት አንቀጽ እንኳ ሳይጽፉ ማለፋቸው በዕውቀት ታሪክ ላይ የደረሰ ከባድ ጉድለት በመሆኑ፣ ይህች ሐተታ ያንን ጉድለት በመጠኑም ቢሆን ለመሙላት ተዘጋጀች።

የጥናቱ ስፍራ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው፣ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችውና ራስ አባተ ቧያለው በበዓለ ሆሳዕና ስም የሰየሟት ይህች ከተማ (አሮጌው ስሟ ዛሬ በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ተጽፎ ይኖራል) በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የከምባታና ሀዲያ አውራጃ ዋና ከተማ፣ ኋላም የሀዲያ ዞን መቀመጫ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መናገሻ ለመሆን የበቃች ናት፤ መንግሥት ቢለዋወጥም ቢሮ ያልተለያት ከተማ ናት ማለት ነው። ቢሮ በበዛበት ባለጉዳይ ይበዛል፤ ባለጉዳይ በበዛበትም ራፖር ጸሐፊ እንደሚበዛ ለማንም ግልጽ ነው። በዱራሜም፣ በሺንሺቾም፣ በሾኔም የዚሁ ሙያ ሊቃውንት አሉ፤ ነገር ግን የትምህርቱ ምንጭ የሆሳዕና በረንዳ መሆኑን የሆሳዕና ሰዎች አጥብቀው ስለሚናገሩ እኛም ተቀብለነዋል።

አሠራሩን ከቅርብ ሆኖ ላየው እንዲህ ነው። ከሌሞ ወረዳ የመጡ አንድ አዛውንት፣ ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ፣ ከጸሐፊው ፊት ባለች በርጩማ ላይ ይቀመጡና ነገራቸውን በሀዲይሳ ይናገራሉ። ነገሩ አጭር ነው፤ ጎረቤታቸው ሌሊት ተነሥቶ የድንበሩን ተክል ነቅሎ ሁለት ረድፍ እንሰት በእርሳቸው ማሳ ላይ ተክሏል። ከዚህ የሚጨመርበት የለም፤ እርሳቸውም ይህን ተናግረው ዝም ይላሉ። ጸሐፊው ግን ገና ብዕሩን አላነሣም።

«አባባ፣ ልጆች ስንት ናቸው?»

«ሰባት። እንሰቱ ግን...»

«ቆይ እሱ ይደርሳል። ከሰባቱ ወታደር ቤት የገባ አለ?»

«ሁለተኛው ነበረ፣ ልጄ።»

«ጎሽ! ግብርስ ይከፍላሉ?»

አዛውንቱ ከኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ደረሰኝ እያወጡ ሳሉ ጸሐፊው መጻፍ ይጀምራል። የተጻፈውም ወደ አማርኛ ከተመለሰው የአዛውንቱ ቃል ጋር ዝምድናው የሩቅ ሆኖ ይገኛል፤ ይኸውም፦ «እኔ አመልካች ዕድሜዬ የገፋ፣ የሰባት ልጆች አባት፣ ለአገር ዳር ድንበር ልጅ የሰጠሁ፣ የመንግሥትን ግብር በወቅቱ የምከፍል፣ ሕግ አክባሪና ሰላም ወዳድ አርሶ አደር ስሆን፣ የክቡርነትዎን ፍትሐዊነትና ለድሃ ያለዎትን ርኅራኄ ከሩቅ በመስማቴ...» እያለ ይወርዳል። እንሰቱ ከዐሥረኛው መስመር በፊት ብቅ አይልም። ብቅ ሲልም «ይዞታዬ ላይ የተፈጸመ ሕገ ወጥ ወረራ» ተብሎ ነው፤ አዛውንቱ ቢያዩት የራሳቸው ጓሮ መሆኑን አያውቁትም።

የድሮ መምህራን ምሥጢሩ የጠለቀ ቃል ሲያጋጥማቸው በአንድምታ ይፈቱት እንደ ነበረ እኛም ይህን ንባብ በዚያው ሥርዓት እንፈታዋለን። «የሰባት ልጆች አባት» ማለቱ፤ ሰባት አፍ የሚጠብቀው ሰው ጊዜውን በሐሰት ክስ አያጠፋም ሲል ነው። አንድም፤ ዛሬ ብቻውን ቢያዩት ነገ ስምንት ሆኖ ይመጣል ሲል ነው። አንድም፤ ሹሙ ራሱ የልጆች አባት ነውና ሲያነብ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ትዝ ይለውና ሆዱ ይራራል ሲል ነው። አንድም፤ እንዲሁ ልማድ ሆኖ ነው። «ግብር በወቅቱ የምከፍል» ማለቱ፤ ደመወዝህ ከኔ ነው ሲል ነው፤ ይህን ግን በግልጽ አይለውም። ይህ ሁሉ ስለ እንሰቱ ምን ያስረዳል ቢሉ፤ ምንም አያስረዳም።

ባያስረዳም ይረታል። ምክንያቱንም አርስጣጣሊስ ቀድሞ አይቶታል፤ ብልህ ተናጋሪ ሰው ሁሉ የተስማማበትን እምነት ሳይናገረው ይተወዋል፣ አድማጩም የጎደለውን ከራሱ ልብ አውጥቶ ሲሞላው ሐሳቡ የራሱ ይመስለዋል። «ሽበት ያለው ሰው አይዋሽም፤ እኚህ ሰው ሽበት አላቸው፤ ስለዚህ አልዋሹም» ብሎ የጻፈ ራፖር ጸሐፊ በሆሳዕና ታይቶ አይታወቅም፤ «ዕድሜዬ የገፋ» ብሎ ካለፈ ግን የቀረውን የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛም ሳትቀር ትጨርሰዋለች። በሀዲያም በከምባታም ሽማግሌዎች «ሴራ» በሚሉት ባህላዊ የዳኝነት ሥርዓት ተቀምጠው ደም ሲያደርቁና ድንበር ሲለዩ የኖሩበት አገር በመሆኑ፣ በዚህ እምነት ላይ የቢሮው ወንበር የተጨመረበት ገና ትናንት ነው።

እዚህ ላይ ግን ሆሳዕና ከጽርዕ ትለያለች፤ የዚህችም ሐተታ ዋና ግኝት ይኸው ነው። ፈላስፋው ተናጋሪ እንዲታመን ማስተዋል፣ ምግባርና በጎ ፈቃድ ያለው መስሎ ይታይ ዘንድ ያስተምራል። የበረንዳው ሊቅ ግን ከዘመናት ልምድ እንደ ተረዳው፣ ተአማኒነት የሚያስፈልገው ለጸሐፊው ሳይሆን ለአንባቢው ነው። ስለዚህ ማስተዋሉን «በሳል አመራርዎ» ብሎ፣ ምግባሩን «ከአድልዎ የጸዳ አሠራርዎ» ብሎ፣ በጎ ፈቃዱንም «አባታዊ ርኅራኄዎ» ብሎ ለሹሙ ያበድረዋል፤ ሹሙም ከቤቱ ሲወጣ ያልነበረውን ይህን ሁሉ ሀብት በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ስላገኘው፣ ብድሩን ጨርሶ ላለመካድ ሲል ብቻ ቢያንስ እስከ ፊርማው ድረስ ያነበዋል። አመልካች ስለ ራሱ ከጻፈው ይልቅ ስለ ሹሙ የጻፈው በጥንቃቄ እንደሚነበብ አንጠራጠርም። እኛ ብንሆን እንዲሁ እናነባለን።

የጋራው እምነት ግን በየዘመኑ ስለሚታደስ ጸሐፊው ሳይሰለች መከታተል ይገባዋል። ያው የእንሰት ድንበር በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ቢገፋ ኖሮ፣ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለማንኛውም ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት የማለት መብት ሰጥቶት ነበርና፣ ማመልከቻው «አባቶቼ የገበሩበት መሬት» እያለ በዘውዱ አምላክ ይማጠን ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ያው አመልካች በአንድ ሌሊት «ጭቁን ገበሬ»፣ እንሰት ተካዩ ጎረቤቱም «የፊውዳል ርዝራዥ» ሆነው አደሩ፤ ደብዳቤውም «ኢትዮጵያ ትቅደም» ሳይል አይዘጋም ነበር። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ ደግሞ አንቀጽ 40 ተጠቀሰ፤ «መልካም አስተዳደር» የሚለውም ቃል እንደ በርበሬ በየመስመሩ ተነሰነሰ። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ እንሰቱ ግን ያለ ርዕዮተ ዓለም ማደጉን ቀጥሏል። ሊቁ ጸሐፊ የሚመሰገነውም መንግሥት ሲለወጥ ማስረጃ ሳይለውጥ ቅጽሉን ብቻ በመለወጡ ነው።

በሃይማኖት ረገድ ያለው ጥበብም ከዚህ አያንስም። በአገሩ ኦርቶዶክስ አለ፣ ካቶሊክ አለ፣ ሙስሊም አለ፤ የሱዳን ኢንቴርየር ሚሽን በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ ደቡቡ ከገባ ወዲህም ቃለ ሕይወትን የመሰሉ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት እጅግ በዝተዋል። የሹሙ እምነት ከቢሮው በር ላይ ስለማይጻፍ፣ በቅዱስ ገብርኤል የሚማጠን ማመልከቻ ከወንጌላዊ ሹም እጅ ቢወድቅ ወይም የመዝሙር ቃል የሞላበት ደብዳቤ ለሌላው ቢደርስ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ በረንዳው «ፈጣሪ ያሳይዎ» በሚለው ላይ ጸንቷል፤ በዚህ ላይ የሚቃወም ሹም እስከ ዛሬ አልተሰማም።

እንዲህ ያለው ሥነ ጽሑፍ ለአገሩ እንግዳ አለመሆኑን ታሪክ ይመሰክራል። ከሀዲያ ገዢ ቤት ተወልደው በእስልምና ያደጉት፣ ኋላም ክርስትና ተቀብለው የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ባለቤት የሆኑት ንግሥት እሌኒ፣ ሕፃኑን ልብነ ድንግልን በሞግዚትነት ሲያስተዳድሩ በ1509 እ.ኤ.አ. ገደማ ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለቀዳማዊ ማኑኤል የላኩት ደብዳቤ በማመልከቻ ሥርዓት ሲመረመር እንከን የማይገኝበት ነው። በጋራ እምነት ይጀምራል፤ የጋራ ጠላት ይጠቅሳል፤ ስንቅና ሠራዊት እንደማይጠፋ ቃል ይገባል፤ አባሪም አለው፣ ያውም ግማደ መስቀል። የጎደለው አንድ ነገር ቢኖር የአምጪው መታወቂያ ነው፤ መልእክተኛው ማቴዎስ በመንገድ ላይ ከአንዳንድ የፖርቱጋል መኮንኖች «ሰላይ ነህ፣ አታላይ ነህ» እየተባለ ብዙ ተንገላቶ ሊዝበን የደረሰው በ1514 እ.ኤ.አ. ነበር። መልሱን የያዙት መልእክተኞች ምጽዋ የደረሱት ደግሞ በ1520 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ያን ጊዜ ጉዳዩ ወደ ሌላ ባለሥልጣን ተዛውሮ ነበር፤ ያደጉት ዐፄ ልብነ ድንግል ማቴዎስን እኔ አልላክሁትም በማለት እንግዶቹን እስከ 1526 እ.ኤ.አ. አቆዩአቸው። ዛሬ በሆሳዕና «ነገ ተመለስ» ሲባል የሚያዝን ባለጉዳይ ይህን ታሪክ ባለማወቁ ነው እንጂ አያዝንም ነበር።

በዚህ ሙያ ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ምን እንደሚጻፍ ሳይሆን ምን እንደሚተው ማወቅ ነው፤ ለዚህም ከደቡብ አፍሪካ የበለጠ ምሳሌ የለም። ከሀዲያና ከከምባታ ወጣቶች ወደዚያ መሄድ ከጀመሩ ወዲህ በሆሳዕናና በዱራሜ የቆሙት ፎቆች የማን እንደ ሆኑ ልጅ አዋቂው ያውቃል። «ጧሪ ቀባሪ የሌለኝ» ብሎ ለቀበሌ የሚያመለክት አባት ጆሃንስበርግ ሱቅ የከፈተ ልጅ ካለው፣ ልጁ ከማመልከቻው ውስጥ ያለ ሥርዓተ ቀብር ይሰወራል። ያው አባት በሳምንቱ ከባንክ ብድር ሲጠይቅ ግን ልጁ ከሙታን ተነሥቶ፣ የሱቁን ስፋት ተሸክሞ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይቆማል። ሁለቱንም የሚጽፈው አንድ እጅ ነው፤ ሁለቱም ይታመናሉ። ይህን ቅጥፈት ነው የሚሉ ጠባብ ሰዎች አሉ፤ እኛ ግን አንድ እውነት ለየአንባቢው የሚለብሰው ልብስ ይለያያል ብለን በትሕትና እናልፋለን።

የማመልከቻው መጨረሻ ግልባጭ ነው። ለዞኑ አስተዳደር፣ ለክልሉ ፍትሕ ቢሮ፣ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ለተቋቋመው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እየተባለ ይደረደራል፤ እነዚህ ወረቀቶች ከተባሉበት መድረሳቸው ዋና ነገር አይደለም፤ ዋናው ነገር ሹሙ ዝርዝሩን ማየቱ ነው። ሹም የበላዩን ይፈራል የሚለው እምነት በአገሩ ካሉት እምነቶች ሁሉ ያለ ልዩነት የተስፋፋው ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሹሙም በጠርዙ ላይ በአረንጓዴ ብዕር «ቀርቦ ይታይ» ብሎ ወደ ባለሙያው ይመራዋል። ባለሙያው መስክ ወጥቷል። አዛውንቱ ሁለት ሳምንት ተመላልሰው ወደ በረንዳው ይመለሳሉ፤ ጸሐፊውም ነገሩን ገና ከመነሻው እንደሚጠብቀው ሰው ሳይደነግጥ አዲስ ወረቀት ያወጣና፣ ጉዳዩ፦ «በቁጥር ያቀረብኩት ማመልከቻ ምላሽ እንዲሰጠኝ ስለ መጠየቅ» ብሎ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ፊተኛው ማመልከቻ ልመና መሆኑ ይቀርና ማስረጃ ይሆናል፤ ቁጥር አለው፣ ማኅተም አርፎበታል፣ የሹሙም እጅ ጽሕፈት አለበት፤ ከአዛውንቱ ቃል ይልቅ የሚታመን ሆኗል። እንሰቱ በዚህኛው ጨርሶ አልተጠቀሰም። አዛውንቱ ዋጋውን ሲጠይቁ ጸሐፊው የመጻፊያውን ብቻ ተቀብሎ፣ ለአባሪው እንደማያስከፍል ይነግራቸዋል።