ዓድዋን በሰባት ደቂቃ

የካቲት ሲቃረብ ስልክ ይደወላል። ሙዚየሙ ለዓድዋ ድል በዓል ዐውደ ርዕይ ሊከፍት ነው፤ አጭር ፊልም ያስፈልገዋል፤ ከሰባት ደቂቃ እንዳይበልጥ፤ ጦርነቱ በደንብ ይታይ፤ ምረቃው የካቲት 23 ነው። ይህን የምንሰማው ጥር ከገባ በኋላ ነው። ድሉ የተገኘው በ1888 ዓ.ም. ነው፤ በዓሉም ቀኑን ቀይሮ አያውቅም። ታዲያ ሥራው ለምን በየዓመቱ በጥድፊያ እንደሚታዘዝ ስጠይቅ መልሱ «በጀቱ ገና አሁን ተለቀቀ» ነው። ታሪክ አንብበን፣ ቦታ መርጠን፣ ተዋናይ አለማምደን፣ ቀርጸንና ኤዲት አድርገን የምናስረክበው በዚህችው ጠባብ ጊዜ ውስጥ ነው። በሙያው ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

በሰባት ደቂቃ ዓድዋን ማሳየት አይቻልም። የሚቻለው ከዓድዋ አንድ ነገር መርጦ እሱን በቅጡ ማሳየት ነው። እኔ የመቐለን ውኃ መርጬ ነበር። ኅዳር 28 ቀን 1888 የጣሊያኑ ሻለቃ ቶዘሊ አምባ አላጌ ላይ ድል ከሆነ በኋላ የሻለቃ ጋሊያኖ ጦር መቐለ፣ እንዳ ኢየሱስ ላይ መሽጎ ተቀመጠ። ምሽጉ ጠንካራ ነበር፤ ፊት ለፊት የገጠመው የእኛ ሰው ረገፈ። የሚጠጡት ውኃ ግን ከምሽጉ ውጭ ነው። ምንጩ ይያዝ የሚለውን ምክር ያመጡት እቴጌ ጣይቱ ናቸው፤ የያዙትም የእሳቸው ሰዎች ናቸው። ከዚያ ወዲያ የተዋጋው ጥሙ ነው። ጥር ላይ ጋሊያኖና ጦሩ ምሽጉን ለቀው ወጡ፤ አጤ ምኒልክም በሰላም አሳለፏቸው። ያው ጋሊያኖ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዓድዋ ላይ ሞተ። አንድ ምንጭ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቁት ሰዎች፣ ከላይ ደግሞ ከንፈሩ የደረቀ ጦር፤ በትንሽ ገንዘብና በጥቂት ሰው የሚቀረጽ፣ ሕፃንም ሽማግሌም የሚረዳው ታሪክ ነው።

ስክሪፕቱ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ነገሩ ሌላ ሆነ። አንዱ ራስ አሉላ የት አሉ አለ። ሌላው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን፣ ሌላው ራስ ሚካኤልን፣ ሌላው ዋግሹም ጓንጉልን ጠየቀ። ራስ መኮንንና ራስ መንገሻ፣ ፊታውራሪ ገበየሁና ባልቻ አባ ነፍሶ ከሌሉ ዓድዋ አይባልም ተባለ። ሁሉም እውነት ነው። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፊልም ይገባቸዋል፤ ገበየሁ ብቻውን አንድ ሙሉ ፊልም ይወጣዋል። በሰባት ደቂቃ ውስጥ ሲታጨቁ ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ፈረስ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ ከሥሩ ስሙ፣ ከዚያ ቀጣዩ ነው። ተመልካቹ ማንንም ሳያውቅ ይወጣል። ከኮሚቴው አባላት አብዛኞቹ የሚሟገቱት ለመጡበት አገር ጀግና ነው፤ ለውኃው የተሟገተ አልነበረም። እንስራ ተሸክመው ተራራ የወጡት ሴቶችም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሩቅ፣ በድሮን እንዲታዩ ተወሰነ።

ከዚህ የባሰው የሚወጣው ነገር ነው። ረሀቡ ይውጣ ተባልን። ያ ሠራዊት የዘመተው ክፉ ቀን ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ ከብቱ አልቆ፣ ስንቱ ቤት ተዘግቶ ነበር። የካቲት ላይ ዓድዋ አካባቢ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚበቃ እህል እየጠፋ ነበር፤ የጣሊያኑ ጄኔራል የባራቲየሪም ጦር ስንቁ ተሟጦበታል፤ መመለስን ሁለቱም ወገኖች አስበውት ነበር። ውጊያው በዚያች እሑድ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኮሚቴው ግን «ተርበው ነበር ማለት ክብራቸውን ይነካል» ይላል። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። ጠግቦ ከተዋጋው ይልቅ ተርቦ የተዋጋው ይበልጥብኛል።

አስካሪዎቹም ይውጡ ተባልን። ከጣሊያን ጎን የተሰለፉት የኤርትራ ልጆች፣ ከተማረኩም በኋላ ብዙዎቹ ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን የተቆረጡት ሰዎች የዓድዋ ታሪክ ክፍል ናቸው። የሚያኮራ ምዕራፍ አይደለም፤ ግን ሆኗል። የበዓል ፊልም ስለሆነ ይታለፍ ይላሉ። ሙዚየም ይህን ካለፈው፣ ልጆቻችን ከየት ይስሙት?

ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ «የዓድዋ ቪዲዮ የለም ወይ?» የለም። የሉሚዬር ወንድማማቾች ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ፊልም ያሳዩት በዚያው 1888 ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ከዓድዋ ሁለት ወር ብቻ ቀደም ብሎ። ያለን ሥዕሉ፣ የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል፣ ደብዳቤዎቹና የአባቶች ትረካ ነው። ኃይሌ ገሪማ ዓድዋን ሲሠራ የተደገፈው በሥዕል፣ በቀረርቶና በሽማግሌዎች ቃል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ የምንማርበት ሥራ ሆኗል። ሆኖም ጊዜ ሲያጥር ከ1928ቱ ወረራ የተቀረጸ የጣሊያን ፊልም ቆርጦ የዓድዋ አስመስሎ ማስገባት የተለመደ ሆነ። አርባ ዓመት ልዩነት ያላቸው ሁለት ጦርነቶች ይደባለቃሉ፤ በአንዱ ድል ያደረገው አባት፣ በሌላው በመርዝ ጋዝ የተቃጠለው ልጁ፣ አንድ ሰው ይሆናሉ። ይህ ሁለቱንም መበደል ነው።

ስለ ቀረጻው ምን ልበል? ትግራይ ድረስ የሚያደርስ በጀት ስለማይኖር የምንቀርጸው አዲስ አበባ ዙሪያ ነው። የዓድዋውን ሶሎዳ የሚያውቅ ሰው ሌላ ተራራ አይቶ አይታለልም። ካሜራውን ወደየትም ብናዞር ባሕር ዛፍ አለ፤ በዚያ ዘመን የዓድዋ ተራሮች ላይ ያልነበረ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፉን ስናመልጥ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ይገጥመናል። ዘማቹ የያዘው ውጅግራና ስናድር ነበር፤ ለእኛ የሚገኘው፣ ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ዞሮ ከተፈቀደ፣ የማይጨው ዘመን ጠመንጃ ነው። ውጅግራ አንድ ጥይት የሚጎርስ፣ በተተኮሰ ቁጥር ጭሱ ተኳሹን የሚሸፍን መሣሪያ ነው። ያንን አጉርሶ መተኮስ ልብ ይጠይቃል፤ ኤክስትራዎቹ ግን ሳያቋርጡ እንዲተኩሱ ይታዘዛሉ፤ ምክንያቱም እንዲህ ያምራል ተብሏል። ጋቢው ከሱቅ የወጣ አዲስ ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ዓድዋ በእግር የተጓዘ ሰው ልብስ እንዲህ አይነጣም። አቆሽሹት ስንል አልባሳቱ በኪራይ የመጣ ነው ይሉናል።

ይህ ሁሉ አልፎ ፊልሙ ካለቀ በኋላ የሚታይበት ቦታ ደግሞ አለ። ስክሪኑ መስኮት ፊት ለፊት ይሰቀላል፤ ከረፋዱ በኋላ ምስሉ አይለይም። ወንበር የለም፤ ሽማግሌዎች ቆመው ሁለት ደቂቃ አይተው ይሄዳሉ። ፊልሙ ሳያቋርጥ ስለሚደጋገም የሚገባው ሁሉ ከመሀል ይገባል፤ መጀመሪያውን የሚነግረው የለም። የመድፉ ድምፅ ቀጣዩን አዳራሽ እየረበሸ አስጎብኚዎቹ ሲያማርሩ ድምፁ ይዘጋል። መስማት ለማይችሉ ቀርቶ ለሌላውም የሚሆን ጽሑፍ ከሥሩ አልተጻፈም። በየካቲት ፀሐይ ጋሻ ይዘው የዋሉት ተማሪዎችና የቀን ሠራተኞች ደግሞ ክፍያቸውን ይጠብቃሉ። ምረቃው ላይ ንግግር ተደርጎ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ግንቦት ሲደርስም ገና «ሰነዱ ፋይናንስ ነው» ይባላሉ። ስለ መስዋዕትነት የሚናገር ፊልም ውስጥ የተሳተፈ ሰው የላቡን ዋጋ ማጣቱ ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል።

የሚቀጥለውን ዓመት ፊልም የምታሠሩ ሁሉ፣ ሥራውን በመስከረም ስጡን። አንድ ታሪክ ብቻ ምረጡ፤ ከመረጣችሁም በኋላ አትጨምሩበት። ረሀቡንም አስካሪዎቹንም አታስወጡብን። አዳራሹ ውስጥ አግዳሚ ወንበር አስቀምጡ፤ ለኤክስትራዎቹም ቀረጻው ያለቀ ዕለት ክፈሏቸው።