ማኅተም የሌለው ስብራት

ባጃጅ ገጭቶህ እግርህ ቢሰበር ተሰበርኩ ብለህ እንዳትቸኩል። የተሰበረው ገና አጥንትህ ነው፤ ወረቀት ላይ ደህና ነህ። መድን ድርጅት በክራንች ስትገባ አይቶ ሆዱ አይባባም። «ማስረጃ ይዘዋል?» ይልሃል፣ በትሕትና።

ማስረጃው ያለው ካርድ ክፍል ነው። ካርድ ክፍል ደግሞ ጉድ አያልቅበትም፤ ባለፈው ወር የታከምክበት ጠፍቶ፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት «ወገቤን ቆረጠኝ» ያልክበት አቧራውን አራግፎ ይወጣል። የማን ምስክር ሆኖ? የመድን ድርጅቱ! «ድሮም ታማሚ ነበሩ እኮ።» የዘንድሮው ቢገኝም የሐኪሙን ጽሑፍ ደብተራ እንኳ ድግምት ነው ብሎ ያልፈዋል።

ከዚያ የሐኪሞች ቦርድ ፊት ትቀርባለህ። ቦርዱ ጉዳትህን እንደ ፈተና ውጤት በመቶኛ ይሰጥሃል። ዘመድ ተሰብስቦ «ስንት አመጣህ?» ይላል። «15።» «ምነው፣ ትንሽ በርታ ብትል!»

ሕጉስ ደግ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 2081፣ የመኪናውን ባለቤት ባያጠፋም ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ላንተ የቀረህ መጎዳትህን ማስረዳት ብቻ ነው (ብቻ!)። በ2005 የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ደግሞ ሲወጣ የመድኑን ጣሪያ ለአካል ጉዳት 40,000 ብር፣ ለንብረት 100,000 ብር ብሎት ነበር። እንግዲህ መኪና ሲመጣብህ ከቻልክ አጥር ሁን። አጥርን ካርድ አምጣ የሚለው የለም።