ዱሪያን በፍልሰታ

ሲንጋፖር፣ ጌይላንግ ሰፈር ስንደርስ ጋሼ ቀጥ ብለው ቆሙና "ጋዝ ፈሷል!" አሉ። የፈሰሰ ጋዝ የለም፤ የሸተታቸው ዱሪያን ነው፤ ወቅቱ ነው። ከማሌዥያ የመጣው እሾሃማ ፍሬ በየሱቁ ደጃፍ ተቆልሏል።

ጋሼ የመሥሪያ ቤታችን ሒሳብ ሹም ናቸው፤ ለስብሰባ ነው አብረን የሄድነው። ከዱሪያን ጋር የተዋወቁት ግን ገና ጠዋት፣ ባቡር ጣቢያው ሰሌዳ ላይ ነው። ማጨስ 1000 ዶላር ያስቀጣል፤ መብላትና መጠጣት 500፤ ተቀጣጣይ ነገር መያዝ 5000። ዱሪያን ግን መከልከሉ እንጂ ቅጣቱ አልተጻፈም። ይህ ነገር ቀኑን ሙሉ ሲከነክናቸው ዋለ። "መጠኑ ያልተገለጸ ዕዳ ከሁሉም ይከፋል" ይላሉ።

ሻጩ ሽማግሌ አንዱን አነሡና ጆሯቸው ሥር ነቀነቁት፤ ዘንጉን አሸተቱ፤ ቢላቸውን ስፌቱ ላይ ሰክተው ከፈቱት። በፊት ግን ከነቅርፊቱ መዝነውታል።

"እሾሁንም በኪሎ ነው የምንገዛው?" አሉ ጋሼ፣ ክፉኛ ተቆጥተው። እውነታቸውን ነው፤ ከተመዘነው የሚበላው ከሲሶ ብዙም አይዘልም።

የላስቲክ ጓንት ተሰጠንና ደጅ ተቀመጥን። ዱሪያን የደጅ ምግብ ነው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ አልፍሬድ ራስል ዋላስ እንኳ መጀመሪያ ማላካ ላይ ሽታው አስጠልቶት ነበር፤ የተማረከው በኋላ ቦርኒዮ ውስጥ መሬት ላይ የወደቀ አግኝቶ፣ ሜዳ ላይ ሲበላው ነው። በ1869 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ሳያፍር ጽፎታል።

እኔ ቀመስኩ። ቢጫው ሥጋ አፍ ውስጥ ይሟሟል፤ ይጣፍጣል፤ ከኋላው ደግሞ ሽንኩርት ይከተላል። ጋሼም ትንሽ ጎረሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወዲያው በድንጋጤ ገለጡት።

"ቆይ! ፍልሰታ አይደል እንዴ? ይሄ የጾም ነው?"

"ጋሼ፣ ዛፍ ላይ የሚያፈራ እኮ ነው!"

"ቅቤ አለበት።"

"ኧረ የለበትም።"

"እና ምላሴ ነው የሚዋሸኝ?"

አልፈርድባቸውም፤ ለፍራፍሬ ስብ የበዛበት ነው። ቃሌ አላረካቸውም፤ ወደ ሽማግሌው ዞረው በእንግሊዝኛ "ወተት? እንቁላል?" አሏቸው። ሽማግሌው ትእዛዝ መስሏቸው በትሕትና "የለንም" አሉ። ጋሼ ሙሉ ምስክርነት አገኙ። ከዚያ ወዲያ ፍሬው እስኪያልቅ ቃል አልተነፈሱም።

ሽማግሌው ባዶው ቅርፊት ውስጥ ውኃ ሞልተው እጃችሁን ታጠቡበት አሉን፤ ሽታውን ያስለቅቃል ይባላል። ማንጎስቲን የሚባል ፍሬም አቀረቡልን፤ ዱሪያን ሰውነት ስለሚያሞቅ እሱ ያበርዳል የሚል የአገሩ እምነት አለ። ጋሼ ማንጎስቲኑን በእጃቸው ገፋ አድርገው ሁለተኛ ዱሪያን አስመዘኑ፤ የእሾሁን ነገር ያነሣም የለም።

ሒሳብ ስንከፍል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ደረሰኝ ይስጡን በላቸው። ዱሪያን ብለው ግን እንዳይጽፉ፤ 'ፍራፍሬ' ይበቃል።"