ሰማያዊው ዘበኛ

ኮሞዶር ነው የምንለው። ባሕር ኃይል ውስጥ አልሠራም። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ በሚገኘው አፓርታማው፣ በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መካከል 75 ጋሎን ባሕር አለው። በሊትር ወደ 284 መሆኑ ነው። ሽማግሌዎቻችን በየቡናው “ወደብ አጣን” እያሉ ሲተክዙ እሱ “እኔ ቤት ኑ” ይላል።

አንድ ቅዳሜ ሌሊት ደወለልኝ።

“ሐምራዊው ላይ ጨው ተነሰነሰበት!”

“ጨው ውኃ ውስጥ የከተትከው ራስህ ነህ። ቃሪያና ሎሚ ጨምርበት፣ መጣሁ።”

“አትቀልድ፣ ነጭ ነጥብ ነው!”

ሄድኩ። ሐምራዊ ታንግ ይሉታል፣ ዘሩ ከቀይ ባሕር ነው። ዲቪ ሳይሞላ ቨርጂኒያ የገባ ጎረቤታችን በሉት። ከመክሳቱ የተነሣ ፊቱን ወደ እኛ ሲያዞር ይጠፋል፤ መኖሩን የምናውቀው ጎኑን ሲሰጠን ብቻ ነው። (ጤነኛም ሆኖ ጠፍጣፋ ነው። ተረበኛ ግን እውነቱን ሙሉ የመናገር ግዴታ የለበትም።) ፈረንጆቹ ወገኑን “ቀዶ ጠጋኝ ዓሣ” ነው የሚሉት፤ ጅራቱ ሥር እንደ ምላጭ የሰላ እሾህ ስላለው።

“ቢላ ታጥቆ የሚዞር ሐኪም ራሱ ታመመ?” አልኩት።

“እኔን ግራ የገባኝ እሱ አይደለም። ዩቪ አለኝ እኮ!”

ከአኳሪየሙ ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ከፈተልኝ። ዩቪ የሚለው ውኃን በአልትራቫዮሌት ጨረር የሚያክም ጥቁር ቱቦ ነው፤ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ብርሃን ያሾልካል። የአንድ ሳምንት የኡበር ገቢውን እንደበላ ነገረኝ። ሚስቱ ከመኝታ ቤት ሆና “ሁለት ሳምንት!” ብላ አረመችው።

“አዲስ ቴክኖሎጂ ነው” አለ።

“ማርሴይ በ1910 እ.ኤ.አ. የመጠጥ ውኃዋን በአልትራቫዮሌት ስታክም አፄ ምኒልክ ገና በሕይወት ነበሩ። አዲሱ ቴክኖሎጂ አይደለም፣ አንተ ነህ።”

“ታዲያ አዲስ ካልሆነ ነጥቦቹን ለምን አልገደለልኝም?”

“ነጥቦቹ መቼ ቱቦው ውስጥ ገብተው ያውቃሉ? ዓሣውን አጥፈህ ካላስገባኸው በቀር።”

ዝም አለ። ከልቡ ዝም ማለቱ ስለነበር ትንሽ አዘንኩለትና ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። ቱቦው ውስጥ ያለው የሜርኩሪ አምፖል ነው፤ ጨረሩ 254 ናኖሜትር ላይ ነው። ፓምፑ የሚገፋው ውኃ አምፖሉን እየታከከ ያልፋል። ጨረሩ የጀርሙን ዲኤንኤ ያበላሽበትና መራባት ይከለክለዋል። በሰፈራችን ቋንቋ ያመክነዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ያቺ ቱቦ ውስጥ ብቻ ነው። ከቱቦው የወጣ ውኃ መድኃኒት ይዞ አይወጣም። ዘበኛ ነው እንጂ ሐኪም አይደለም፤ የሚፈትሸው በሩ ድረስ የመጣለትን ነው። ሳሎን ገብቶ እግሩን ሰቅሎ እራት የሚበላውን ሌባ አያውቀውም።

ሌባው ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ የሚባል ተውሳክ ነው። ስሙ እንደ መንፈስ ነው፣ ተግባሩም እንዲሁ። ከዓሣው ቆዳ ሥር ገብቶ ጥቂት ቀን ይበላል፤ ነጩ ነጥብ እሱ ነው። ሲጠግብ ይወርድና ድንጋይ ወይም አሸዋ ላይ ተለጥፎ ቅርፊት ይሠራል። እዚያው ውስጥ ይበዛል፣ ከአንዱ ብዙ ይወጣል። የተፈለፈሉት ልጆች ዓሣ ፍለጋ ሲዋኙ ያላቸው ዕድሜ አንድ ሁለት ቀን ነው። ዩቪው ሊያገኛቸው የሚችለው ያኔ ብቻ ነው፤ እሱም ውኃው ወደ ቱቦው የወሰዳቸው እንደሆነ። ዓሣው ከቱቦው ይልቅ የቀረባቸው ግን እዚያው ገብተው ይበላሉ።

“ነጥቡ ባለፈው ሳምንት ጠፍቶ ነበር እኮ። ድኗል ብዬ ድግስ ልደግስ ነበር” አለ።

“አልዳነም። እንግዶቹ ጠግበው ቤተሰብ ሊመሠርቱ ወጥተው ነው።”

ይህን እያወራን ሰዓቱ ስድስት ከሩብ ሆነ። ድንገት ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና ሰማያዊው ብርሃን ጠፋ።

“ምን ሆነ?”

“ታይመር ነው። ሌሊት አጠፋዋለሁ። ዓሦቹም ይተኛሉ፣ መብራትም ይቆጠባል።”

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የሆነውን ስጽፍ አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል፤ በሳቅ። ይህ ተውሳክ ከቅርፊቱ መውጣት የሚወደው በጨለማ ነው፣ ወደ ንጋት ግድም። ያን ጊዜ ዓሣው ድንጋይ ሥር ተኝቷል፣ ቅርፊቱም እዚያው ድንጋይ ላይ ነው። በሆቴል ቋንቋ ቁርስ በአልጋ ይሉታል።

“ሌባው የሚመጣበትን ሰዓት ጠብቀህ ዘበኛውን ‘ደክሞሃል፣ ሂድ ተኛ’ ትለዋለህ?”

“ለዓሦቹ አስቤ እኮ ነው።”

“መብራቱ ቱቦ ውስጥ የታፈነ ነው። የማንን እንቅልፍ ይነሣል?”

“የቢሉን” አለች ሚስቱ ከመኝታ ቤት።

ታይመሩን ነቀልነው። እግረ መንገዴን ፓምፑን አየሁት። ትልቁን ገዝቷል፤ ትልቅ ነገር ይወዳል፣ መኪናውን ብታዩት። ውኃው በዚያ ቱቦ ሲያልፍ ከመፍጠኑ የተነሣ ጨረሩ “ማን ነህ?” ብሎ ሳይጨርስ መልሱ ከኋላ ይመጣል።

“በፍጥነት ሲዞር ብዙ ውኃ ይጸዳል ብዬ ነው።”

“ቦሌ ፍተሻ ላይ በሩጫ ያለፈ ሰው አይተህ ታውቃለህ?”

የዩቪ ሥራ ሁለት ነገር ነው፤ የጨረሩ ጉልበትና ውኃው ፊቱ የሚቆይበት ጊዜ። የውኃውን ፍጥነት በግማሽ ብትቀንሰው እያንዳንዱ ዋናተኛ የሚደርሰው ጨረር እጥፍ ይሆናል። ውኃውን አረንጓዴ ለሚያደርገው አልጌና ለባክቴሪያው ትንሽ ጨረር ይበቃል፤ ተውሳኩ ግን ከእነሱ ገዝፎ የተወለደ ነው፣ ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ብዙ አምራች ሣጥኑ ላይ ሁለት የፍሰት ቁጥር የሚጽፈው፤ ትልቁን ለአልጌ፣ ትንሹን ለተውሳክ። ሻጭ ሁልጊዜ የሚያነብልህ ትልቁን ነው። ገዢም ትልቁን መስማት ይወዳል፤ ስለዚህ ሁለቱ ተስማምተው ዓሣውን ይሸጡታል። በጣም ቀስ ማለቱም ግን አያዋጣም፤ ውኃው እስኪዞር ድረስ ሌባው ቤት ሠርቶ ልጁን ይድራል።

“አምፖሉ ስንት ጊዜው ነው?”

“ሁለት ዓመቱ። ይበራል እኮ!”

“ኮሞዶር፣ ዓሣ የምትጠብቀው በጡረተኛ ነው።”

እነዚህ አምፖሎች ከ9 እስከ 12 ወር ሠርተው ጡረታ ይወጣሉ፤ ዩኒፎርሙን ግን አይመልሱም። የምናየው ሰማያዊ ገዳዩ አይደለም። ገዳዩ የማይታየው ነው፣ ቀድሞ የሚደክመውም እሱ ነው። አምፖሉን የሚሸፍን ኳርትዝም አለ፤ ተራ ብርጭቆ ይህን ጨረር ስለማያሳልፍ ነው ኳርትዝ የሆነው። የኮሞዶሩ ኳርትዝ፣ በኋላ እንዳየሁት፣ እንደ አሮጌ ሻይ ማንቆርቆሪያ ቅርፊት ይዟል። ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፎ ማጠብ ነው መፍትሔው። እሱ ግን ኮምጣጤ የሚያውቀው ሰላጣ ላይ ነው።

“ቆይ፣ ይሠራ እንደሆነ ከፍቼ ልየው” ብሎ ቱቦውን ሊፈታ ሲጀምር እጁን ያዝኩት። እዚህ ላይ ተረቡን አቁሜ ነበር። የበራውን ይህን አምፖል በባዶ ዓይን ማየት ያለ መነጽር ብየዳ እንደ ማየት ነው። ወዲያው አያምም። ከሰዓታት በኋላ ዓይንህ አሸዋ የተሞላ ይመስልሃል። ምናለሽ ተራ የሠራ በያጅ ይነግርሃል። መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀላል፣ ከዚያ ቱቦው ይፈታል።

ኮሞዶሩ እጁን ሰበሰበና አፈጠጠብኝ።

“አንተ ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው?”

“ከአራት ዓሣ ሬሳ።”

“ታዲያ ነፍሰ ገዳይ ነህ እንጂ ምሁር ማን አለህ!”

ልክ ነው፣ ገባልኝ። እኔም ያንኑ ቱቦ ገዝቼ ተማምኜበት ነበር። አዲስ ዓሣ ገዝቼ ያለ ኳራንቲን ቀጥታ ጨምሬ፣ “ዩቪ አለኝ” ብዬ ተኝቻለሁ። ከሱ የምለየው ሌሊት ባለማጥፋቴ ብቻ ነው። ዓሣዎቼ በብርሃን ነው የሞቱት።

“እና እቃው ከንቱ ነው በለኛ?”

“አላልኩም። የደፈረሰ ውኃህን ያጠራልሃል።” ባለፈው ከመደፍረሱ የተነሣ ዓሦቹ በክላክስ ነበር የሚተላለፉት። “የሚዋኘውን ተውሳክ ይቀንስልሃል፣ ዓሣውም ጦርነቱ ይቀልለታል። ጠቃሚ ባክቴሪያህ ድንጋይና አሸዋ ላይ ስለሚኖር አይነካብህም። በጠርሙስ የተገዛ ባክቴሪያ ስትጨምር ብቻ አጥፋው፤ አለዚያ ገዝተህ ትጨምርና ከፍለህ ትገድለዋለህ። ይህን ዓሣ ግን አያድንልህም።”

“የሚያድነውስ?”

ዓሦቹ ሁሉ ወደ ሌላ ገንዳ ይወጣሉ፤ የታመመውም ጤነኛ የሚመስለውም። እዚያ በልኩ የመዳብ መድኃኒት ይደረግላቸዋል። መዳቡ ትልቁ አኳሪየም ውስጥ አይገባም፤ ኮራሉንና ሽሪምፑን ይፈጃል። ትልቁ አኳሪየም ደግሞ ያለ ዓሣ ይቀመጣል። ብዙ አርቢዎች 76 ቀን ይቆጥራሉ።

“76 ቀን! ዐቢይ ጾም እንኳ 55 ነው!”

“የሚጾመው ተውሳኩ ነው። ፋሲካ የለውም።”

ሚስቱ ይሄኔ ጋቢዋን ደርባ ብቅ አለች። አኳሪየሙን ከወዲሁ ባዶ እንደሆነ ሁሉ አሻግራ እያየች “76 ቀን ባዶ ውኃ ልታሞቅ ነው?” አለችው። “እኔ የኩሽናውን አምፖል ስረሳ ‘ቢል! ቢል!’ ትለኝ የለ?” ኮሞዶሩ እኔን አየኝ። እኔ ዓሣውን አየሁ። ዓሣው ፊቱን ወደ እኛ አዞረና ጠፋ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለቡና ጠርተውኝ ሄድኩ። ሳሎኑ ውስጥ ድንጋይና ኮራል ብቻ ያለበት ባሕር ይንፎለፎላል፤ እንግዳ ሁሉ “ዓሣው የታለ?” ይላል፤ እሷም “ጾም ላይ ነን” ትላለች። አምፖሉ ተቀይሯል፣ ታይመሩ መሳቢያ ገብቷል። ሁለተኛው ስኒ ላይ መታጠቢያ ቤት ፈልጌ ተነሣሁ።

“ቀስ ብለህ አንኳኳ” አለኝ ኮሞዶሩ፣ “ዶክተሩ እዚያ ተኝቷል። ቢላውን እንደያዘ ነው።”