ቼ ሲሉት የሚነዳ አራዳ

«እኔን? እኔን ነው የሚሸውዱኝ? የመርካቶ ልጅ እኮ ነኝ! ዋሽንግተንን በባዶ እጄ ገብቼ ያሸነፍኩ ሰው ሐቫና ትበላኛለች? ደግሞ የምሄደው በሎው ሲዝን ነው። ቱሪስት የለም፣ አጭበርባሪም የለም፣ ሁሉ ነገር በግማሽ ዋጋ!»

ስሙልኝማ! ይሄ ሰውዬ በመስከረም ሐቫና ሊወርድ ነው። ጃንጥላ አልያዘም። አፍ ግን ይዟል።

የኔ አራዳ፣ አራዳ ክፍለ ከተማ ነው እንጂ ፓስፖርት አይደለም። ሐቫና ኤርፖርት ላይ «የት ሰፈር ነው ያደግከው?» ብሎ ማኅተም የሚመታልህ የለም። መርካቶ ማደግህን ካነሳህ ደግሞ እዚያው መርካቶ የገዛሃት «ኦሪጅናል» ጫማ ዝናብ ሲነካት ምን እንደሆነች ንገረንና አብረን እንሳቅ።

እሺ፣ ሒሳብ እንሥራ። በሎው ሲዝን የሚቀንሰው ቱሪስቱ ነው። ደላላውስ? ዓመት ፈቃድ የሚወጣ መሰለህ? ኩባ እ.ኤ.አ. በ2018 ከ4 ሚሊዮን ተኩል በላይ ጎብኚ ነበራት፤ በ2024 ወደ 2.2 ሚሊዮን ወርዷል። ደላላው ግን ያው ነው፣ እንዲያውም ርቦታል። በታኅሣሥ ሐቫና፣ ኦቢስፖ መንገድ ላይ ለአንድ ደላላ ስድስት ቱሪስት ይደርሰው ከነበር፣ በመስከረም ለአንተ ለብቻህ ስድስት ደላላ ተመድቦልሃል። ቪአይፒ ነህ! ክብር ፈልገህ አልነበር? ይኸው፣ በዘበኛ ታጅበህ ትሄዳለህ።

ቅናሽ አልክ? ቅናሽማ ሞልቷል። የሚቀነሰው ግን ከዋጋው ሳይሆን ከኪስህ ነው። ደግሞ ሆቴሉ የረከሰው አንተን ፈርቶ አይደለም፣ ሰማዩን ፈርቶ ነው፤ የአውሎ ነፋሱ ወቅት በፈረንጆቹ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። መብራትም አለ፣ ማለቴ ይጠፋል፤ በኦክቶበር 2024 አገሪቱ በሙሉ በአንድ ቀን ጨልማ ነበር። እዚህ ላይ አልተርብህም፤ በመብራት መጥፋት ልምድህ የተመሰከረ ነው።

«ችግር የለም፣ የአሜሪካ ባንክ ካርድ አለኝ፤ ቪዛ ነው!»

ቪዛህ ቪዛ አላገኘችም! አሜሪካ ውስጥ የወጣ የባንክ ካርድ ኩባ ላይ አይሠራም። ማሽኑ መልሶ ይተፋልሃል። ስለዚህ የሙሉ ጉዞህን ገንዘብ በጥሬው ተሸክመህ ትገባለህ፤ ይህን ደግሞ ካንተ በፊት ደላላው ያውቃል። ኪስህን ሲያይ የአንተን ያህል ይወደዋል።

«መንገድ ላይ እመነዝራለኋ! ብላክ ማርኬትን ለኔ ልታስተምረኝ ነው?» ብላክ ማርኬቱን ታውቃለህ፤ ገንዘቡን አታውቅም እንጂ። ሲዩሲ የሚባል፣ አንዱ ካንድ ዶላር ጋር እኩል የነበረ የኩባ ገንዘብ ነበር። በ2021 ከሥራ ወጣ። ሞተ። ሬሳውን ግን እስካሁን ለእንዳንተ ዓይነቱ ይመነዝሩታል። መለያው ቀላል ነው፤ በሕይወት ያለው ፔሶ ላይ የሰው ፊት አለ፣ በሞተው ላይ ሐውልት አለ። ሐውልት ካየህ ምንዛሪ ላይ ሳይሆን ቀብር ላይ ነህ። ፔሶ መስሎህ ዶላርህ ፈሰሰ!

እሱ ካልተሳካ ደግሞ «ለማስታወሻ» ብሎ የቼ ጌቫራ ፎቶ ያለበትን ባለ ሦስት ፔሶ ያወጣልሃል። አንድ ዶላር ብቻ! በባንክ ምንዛሪ ሦስት የአሜሪካ ሳንቲም የማትሞላ ወረቀት ናት። አንተ ቼን የገዛህ መስሎሃል። እሱ ግን «ቼ!» ብሎ ሲነዳህ ነው የዋለው።

«እሺ፣ ገንዘብ ለማንም አልሰጥም። ለሕፃን ወተት መግዛት ግን ጽድቅ ነው።» ጻድቁ መጡ፣ መንገድ ልቀቁ! ልጅቷ ሕፃን ታቅፋ ትቀርብሃለች። «ገንዘብ አልፈልግም፣ የዱቄት ወተት ብቻ» ትልሃለች። አንጀትህን በላችው፤ ቀጥላ ኪስህን። ሱቁን የምትመርጠው እሷ፣ ዋጋውን የሚጠራው ሻጩ፣ የሚከፍለው አራዳው። አንተ ጥጉን ስትታጠፍ ወተቱ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል፣ ገንዘቡ ለሁለት ይከፈላል። የኩባ ወተት ኩባያ አይቶ አያውቅም! መቼም አልዋሽም፣ እጥረቱ እውነት ነው፤ በ2024 መጀመሪያ መንግሥት ራሱ ለሕፃናት የዱቄት ወተት እንዲረዳው የዓለም ምግብ ፕሮግራምን ጠይቋል። ለዚህ ነው ውሸቱ የሚያሳምነው። መስጠት ካማረህ ጣሳውን ከፍተህ ስጣት። የተከፈተ ጣሳ መደርደሪያ አይመለስም። ያኔ የምታመሰግንህና የምትረግምህ ይለያሉ።

«ሲጋር ላይ ግን አልታማም። እኔ ሲጋርን በሽታው ነው የምለየው!»

በሽታውማ ታውቋል፤ ራስን የማመን በሽታ ነው። መድኃኒቱም ሐቫና ነው ያለው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመጋረጃው ጀርባ። ወጣቱ ትከሻህን አቅፎ «ወንድሜ ፋብሪካው ውስጥ ይሠራል፤ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ቀን ስለሆነ ሠራተኞች በግማሽ ዋጋ ይሸጣሉ፣ ዛሬ ብቻ!» ይልሃል። ዛሬ ብቻ። ትናንትም ዛሬ ብቻ ነበር። ከነገ ወዲያም ዛሬ ብቻ ነው። ካቅማማህ «የሲጋር ፌስቲቫል እኮ ነው» ይጨምርልሃል። ፌስቲቫሉ በየካቲት ገደማ ነው የሚከበረው፤ አንተ ያለኸው መስከረም ላይ። የካቲትን ጎትቶ መስከረም ያስገባ ሰው ደላላ ብቻ አይደለም፣ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ነው!

ደረጃውን ወጣህ። መጋረጃው ተገለጠ። ሳጥኑ ቀረበ፤ ኮሂባ ይላል፣ ዝነኛው የኩባ ሲጋር፤ ክዳኑ መስታወት። እልል በል! እውነተኛ ኮሂባ ባለ መስታወት ክዳን ሳጥን የለውም። በዚያ መስታወት ላይ የሚታየው አንድ እውነተኛ ነገር የራስህ ፊት ነው። እሱም ገርጥቷል። ቅጠሉ ከየትኛው ወለል እንደተጠረገ የሚያውቀው መጥረጊያው ነው። አንተ «ረከሰልኝ» ብለህ ስታሸት፣ ታች በር ላይ ወጣቱ፣ «ወንድምየውና» ባለ መጋረጃዋ ገንዘብህን ሲጋሩ ነው። ስሙ እኮ ነግሮህ ነበር! በመንግሥት ፈቃድ የሚሸጠው ላ ካሳ ዴል አባኖ የሚባለው ሱቅ አለልህ፤ ማኅተሙ ያልተነካ ሳጥን ከነደረሰኙ ይሰጡሃል። ውድ ነው? አዎ። ኮሂባ ነዋ! ርካሽ ከፈለግህ ኒያላ አጭስ።

«አንዱስ ግን ከልቡ ጋበዘኝ። ማታ ቡዌና ቪስታ ሶሻል ክለብ የሚባለው ዝነኛ ባንድ ይጫወታል፣ ና አለኝ።»

ማን ነው የሚጫወተው? ከባንዱ ኮምፓይ ሴጉንዶ በ2003 አረፈ። ሩቤን ጎንዛሌዝም በዚያው ዓመት። ኢብራሂም ፌሬር በ2005 ተከተላቸው። የተጠራኸው ኮንሰርት ነው ተዝካር? ተዝካር ቢሆን እንኳ በልተህ ትወጣለህ፤ እዚህ ግን የተበላኸው አንተ ነህ። ጋባዥህ ለራሱ ሞሂቶ አዘዘ፣ ለእጮኛው ሞሂቶ፣ ድንገት ላገኘው የአክስቱ ልጅ ሞሂቶ። ዋጋ የሌለው ሜኑ አምጥተውልህ «እንዴት ያለ ትሕትና!» ብለህ ተደነቅህ። ሒሳቡ ሲመጣ ጋባዥህ ሽንት ቤት ገባ። እስካሁን አልወጣም። ሞሂቶው ለእነሱ፣ ሞኝነቱ ላንተ!

ታክሲውን በአጭሩ ልለፈው። ሳትነጋገር ገብተህ ከሆነ ስትወርድ ዋጋውን የሚነግርህ መኪናው ነው፤ ዕድሜው ከአባትህ ስለሚበልጥ ደግሞ አትከራከረውም። ማደሪያውም ያው ነው። አልጋ የያዝክበት ቤት በር ላይ ስትደርስ አንዱ ብቅ ብሎ «ኦ! ይቺ ሴትዮ እኮ ሞታለች» ይልሃል፤ ሌላ ቤት ወስዶ ኮሚሽን ሊበላብህ ጤነኛ ሴትዮ ገደለ። ደወሉን ተጫን። ሟች ራሷ ትከፍትልሃለች፣ ቡናም ታፈላልሃለች።

«አንዱ ግን፣ ማርያምን፣ ኢትዮጵያዊ ነኝ ስለው አለቀሰ! አጎቱ ኦጋዴን ተዋግቷል!»

እዚህ ላይ እኔም ዝግ እላለሁ። እውነት ሊሆን ይችላል። ከ10 ሺህ የሚበልጥ የኩባ ወታደር ነው ለዚያ ጦርነት የመጣው፤ የወደቁት ምስላቸው አዲስ አበባ ትግላችን ሐውልት ላይ አለ። ብዙ የኢትዮጵያ ልጆችም ኩባውያን የወጣቶች ደሴት በሚሏት ተምረው አድገዋል፤ ከነዚያ ተማሪዎች አንዷን አግኝተህ ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ ጉድ በአንድ ቡና ትነግርህ ነበር። ስለዚህ ልጁን ፈትነው። «አጎትህ የት ነበር?» በለው። «ናይሮቢ» ካለህ መንገድህን ቀጥል። «እኔም አብሬው ነበርኩ» ካለህ ዕድሜውን ጠይቀው፤ ካራማራ የተያዘው በ1970 ዓ.ም. ነው፣ ልጁ ደግሞ ጢም አላበቀለም። «ጅጅጋ፣ ካራማራ» ብሎ በትክክል ከጠራልህ ግን ቁጭ በልና ጋብዘው፣ ይገባዋል። አጎትየው ራሱ በምርኩዝ መጥቶ አንገትህ ላይ ከተጠመጠመ፣ አልቅስ፣ ሳመው፣ ፎቶ ተነሳ።

ከዚያ አጎትየው ካልጋው ሥር ሳጥን ሲስብ ግን ክዳኑን እይ።